የሚጠብቀን የትኛው ፓርቲ ነው? የምርጫ መፈክርና የደኅንነት ፖሊሲ

ምርጫ ሲቃረብ በብዙ ሀገራት ተመሳሳይ ክርክር ይሰማል። አንዱ ፓርቲ «እኛ ከመጣን ወንጀለኛ መግቢያ ያጣል» ይላል። ሌላው «እነሱ ሕዝቡን እያስፈራሩ ነው፤ ወንጀልን ከሥሩ የምናደርቀው እኛ ነን» ብሎ ይመልሳል። መራጩ መሃል ሆኖ ያዳምጣል። ማታ ወደ ቤቱ ሲገባ መንገዱ የሚያስፈራው ሰው የመጀመሪያውን ያምናል። ልጇ ያለ ጥፋቱ የታሰረባት እናት ሁለተኛውን ታምናለች። ሁለቱም በቂ ምክንያት አላቸው።

ችግሩ ክርክሩ ብዙውን ጊዜ ከመፈክር አለማለፉ ነው። ማን ምን ሠራ? ከሠራው ውስጥ ግድያን የቀነሰው የትኛው ነው? የትኛውስ ለሚቀጥለው መንግሥት ዕዳ ሆኖ ቀረ? እነዚህ ጥያቄዎች በቴሌቪዥን ክርክር ላይ ብዙም ቦታ አያገኙም። መልስ ግን አላቸው። በተለያዩ ሀገራት የተሞከሩ ፖሊሲዎች አሉ፤ ውጤታቸውም ተመዝግቧል።

እኔ የማምነውን ከወዲሁ ልናገር። ፓርቲዎችን በደኅንነት ጉዳይ ስናወዳድር ማየት ያለብን ፖሊስን፣ ፍርድ ቤትን፣ እስር ቤትንና የስለላ ተቋማትን ምን አድርገው እንደተዉ ነው። የዚህ ሥራ ውጤት ደግሞ ብዙ ጊዜ ቁልጭ ብሎ የሚታየው ፓርቲው ሥልጣን ከለቀቀ በኋላ ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት፣ ወራትና ቀናት በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ስማቸውና ሥራቸው

ብዙዎቻችን አእምሮ ውስጥ የተቀረጸ ሥዕል አለ። ወግ አጥባቂ ፓርቲ ፖሊስ ያበዛል፣ ቅጣት ያከብዳል፣ ጦር ያጠናክራል። ግራ ዘመሙ ደግሞ ለወንጀለኛ ይራራል፣ መከላከያን ችላ ይላል። መዝገቡ ሲገለጥ ግን ነገሩ ሌላ ነው።

ብሪታንያን እንይ። ወግ አጥባቂው ፓርቲ በ2010 የጥምር መንግሥት መሪ ሆኖ ሲመጣ ትልቁ አጀንዳው የመንግሥትን ወጪ መቀነስ ነበር። ፖሊስም ከቅነሳው አላመለጠም። በእንግሊዝና በዌልስ በ2010 ከ143 ሺህ በላይ የነበረው የፖሊስ መኮንኖች ቁጥር በ2018 ወደ 122 ሺህ ገደማ ወረደ። ሠራዊቱም በዚያው ዘመን ተቀንሷል። በ2019 ቦሪስ ጆንሰን ጠቅላይ ሚኒስትር ሲሆኑ 20 ሺህ ፖሊሶች እንደሚቀጠሩ ቃል ገቡ። በ2023 ይህ ቁጥር ሞላ። የቀነሰውም የመለሰውም ያው ፓርቲ ነው።

የተመለሰው ግን የሰው ብዛት ነው። ልምዱ አልተመለሰም። አንድ ሰፈር ውስጥ ሃያ ዓመት የሠራ መርማሪ ሲሰናበት፣ ማን ከማን ጋር እንደሚውልና የትኛው ጠብ የት እንደሚያደርስ የሚያውቅ ሰው አብሮ ይሄዳል። እሱን በአንድ ዙር ምልመላ መተካት አይቻልም። ይህ ዓይነቱ ጉዳት በበጀት ሰነድ ላይ አይጻፍም። የሚታየው ሳይፈቱ በሚዘጉ የወንጀል መዝገቦች ላይ ነው።

አሜሪካም እንዲሁ ነው። በሀገሪቱ ታሪክ ከወጡት ትልልቅ የወንጀል ሕጎች አንዱን በ1994 የፈረሙት ዴሞክራቱ ቢል ክሊንተን ናቸው። ሕጉ 100 ሺህ ፖሊሶችን ለመቅጠር ገንዘብ መደበ፣ ግዛቶች እስር ቤት እንዲሠሩ ድጎማ ሰጠ፣ አንዳንድ ከፊል አውቶማቲክ ጠመንጃዎችንም ለ10 ዓመት አገደ። በ2018 መጨረሻ ደግሞ ለፌዴራል እስረኞች ቅጣት የሚያቀል ሕግ የፈረሙት ሪፐብሊካኑ ዶናልድ ትራምፕ ናቸው። አውስትራሊያ ውስጥ በ1996 ፖርት አርተር ላይ 35 ሰዎች ከተገደሉ በኋላ የጦር መሣሪያ ሕጉን ያጠበቁት ወግ አጥባቂው ጠቅላይ ሚኒስትር ጆን ሃዋርድ ናቸው። በእሳቸው ዘመን ከ600 ሺህ በላይ ጠመንጃዎች ከባለቤቶቻቸው ተገዝተው ወድመዋል።

ይህ እንዲያው በአጋጣሚ የሆነ አይመስለኝም። በጠንካራነቱ የሚታወቅ ፓርቲ የማለሳለስ እርምጃ ቢወስድ ደጋፊው አይጠረጥረውም። በለዘብተኝነት የሚታማው ደግሞ «ደካማ ናቸው» እንዳይባል ቅጣት ያከብዳል። ስለዚህ የፓርቲውን ስም አይቶ ፖሊሲውን መገመት ብዙ ጊዜ ያሳስታል።

ግድያ ሲቀንስ የማን ሥራ ነው?

ኒውዮርክ ከተማ ውስጥ በ1990 ብቻ 2,245 ሰዎች ተገድለዋል። ይህ ቁጥር መቀነስ የጀመረው በዴሞክራቱ ከንቲባ ዴቪድ ዲንኪንስ ዘመን ነው። በ1994 ሥልጣን በያዙት ሪፐብሊካኑ ሩዶልፍ ጁሊያኒ ዘመን ቁልቁል ተንደረደረ። ዝናውን የወሰዱትም እሳቸው ናቸው። «ትንሹን ጥፋት ሳትንቅ ቅጣ፣ ትልቁ ይቀራል» የሚለው አካሄዳቸው በብዙ ሀገራት ፖለቲከኞች ዘንድ እንደ ፍቱን መድኃኒት ተወራ።

ከዚያ የመጣው ይበልጥ ያስተምራል። በተተኪው ከንቲባ በማይክል ብሉምበርግ ዘመን ፖሊስ መንገደኛን አስቁሞ መፈተሽን ዋና መሣሪያው አደረገ። በ2011 ወደ 685 ሺህ ጊዜ ያህል ሰው አስቁሟል። ከተፈተሹት አብዛኞቹ ጥቁሮችና የላቲን አሜሪካ ዝርያ ያላቸው ወጣቶች ነበሩ። አብዛኞቹም ምንም አልተገኘባቸውም። በ2013 አንዲት የፌዴራል ዳኛ አሠራሩ ሕገ መንግሥቱን እንደሚጥስ ወሰኑ። ያን ጊዜ «ፍተሻው ከቆመ ከተማዋ ወደ 1990 ትመለሳለች» ያሉ ብዙ ናቸው። ፍተሻው በጥቂት ዓመታት ውስጥ በዓመት ከ20 ሺህ በታች ወረደ። ግድያውም ወረደ። በ2017 የተገደሉት 292 ሰዎች ነበሩ፤ ከንቲባው ደግሞ ለዘብተኛው ዴሞክራት ቢል ደ ብላሲዮ። ለዓመታት በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ወጣቶች ግድግዳ ተደግፈው የተፈተሹበት ፖሊሲ፣ ተሟጋቾቹ የሚሉትን ያህል አስፈላጊ እንዳልነበር የታወቀው ከቆመ በኋላ ነው።

በዚያው ዘመን ወንጀል በመላው አሜሪካ እየቀነሰ ነበር። ካናዳም ውስጥ ቀንሷል፤ እነ ጁሊያኒ ባልነበሩበት ማለት ነው። ተመራማሪዎች ብዙ ምክንያት ይጠቅሳሉ። የፖሊስ ቁጥር መጨመር፣ የእስረኛው መብዛት፣ የክራክ ኮኬይን ገበያ መቀዝቀዝ፣ የኢኮኖሚው መሻሻል፣ ሌላው ቀርቶ የልጆችን አእምሮ የሚጎዳው እርሳስ የተባለው ብረት ከቤንዚን መውጣቱ ይነሳል። እያንዳንዱ ስንት እጅ እንዳለው ዛሬም ይከራከራሉ። አንድ ከንቲባ ግን ይህን ሁሉ ጠቅልሎ የራሱ ሊያደርግ አይችልም።

ተቃራኒውም እውነት ነው። በ2020 አሜሪካ ውስጥ ግድያ በአንድ ዓመት ወደ 30 በመቶ ገደማ ጨመረ። ሪፐብሊካኖች «በዴሞክራቶች ከተሞች ያለውን እዩ» አሉ። ጭማሪው ግን ዴሞክራትና ሪፐብሊካን በሚመሯቸው ከተሞችና ግዛቶች ሁሉ የታየ ነበር። ከ2023 ጀምሮ ግድያ በፍጥነት ሲቀንስም እንዲሁ በሁለቱም ወገን ነው የቀነሰው። በጠባብ ልዩነት ዴሞክራት ያሸነፈባቸውን ከተሞች ሪፐብሊካን ካሸነፈባቸው ጋር ያነጻጸረ ሰፊ ጥናትም ተሠርቶ ነበር። የከንቲባው ፓርቲ በወንጀልም ሆነ በፖሊስ በጀት ላይ ይህ ነው የሚባል ልዩነት አላመጣም። ከንቲባ ዳኛ አይሾም ይሆናል፣ የቅጣት ሕግ አያወጣም፣ የጦር መሣሪያ ሕጉም በእጁ አይደለም። ስለዚህ ስንወቅስም ስናመሰግንም ሰውዬው ወይም ፓርቲው በእውነት ሥልጣን ያለው በምኑ ላይ እንደሆነ መጠየቅ አለብን።

ቁጥሮቹ ራሳቸው ጥንቃቄ ይፈልጋሉ። ፖሊስ የሚመዘግበው ወንጀል የሚጨምረው ወንጀል ስለበዛ ብቻ አይደለም። ሰው ፖሊስን ማመን ሲጀምር አቤቱታ ይበዛል። የአስገድዶ መድፈር ትርጉም በሕግ ሲሰፋ ቁጥሩ በአንድ ሌሊት ይዘላል፤ ስዊድን ውስጥ ከ2005 የሕግ ማሻሻያ በኋላ የታየው ይህ ነው። እንግሊዝና ዌልስ ውስጥ በ2014 የፖሊስ መዝገብ ጉድለቱ ስለተጋለጠ «ብሔራዊ ስታቲስቲክስ» የሚባለውን የተአማኒነት ደረጃ አጥቷል። ከዚያ አመዘጋገቡ ሲስተካከል «ዐመፅ ጨመረ» የሚል ዜና ወጣ። ግድያ ለመደበቅ ስለሚከብድ ሻል ያለ መለኪያ ነው። ሰዎችን በቀጥታ «ባለፈው ዓመት ተዘርፈህ ታውቃለህ?» ብሎ የሚጠይቅ የቤት ለቤት ጥናትም እንዲሁ። የተመዘገበ ወንጀልን ብቻ ይዞ የሚከራከር ፖለቲከኛ ሳይ እኔ በበኩሌ እጠራጠራለሁ።

ቅጣትን በተመለከተ ግን ምርምሩ በአንድ ነገር ላይ በደንብ ይስማማል። ወንጀለኛን ይበልጥ የሚያስፈራው የመያዙ እርግጠኝነት ነው። ቅጣቱ ከአሥር ዓመት ወደ ሃያ ዓመት ማደጉ «አልያዝም» ብሎ የሚያስብን ሰው ብዙም አያቆመውም። አሜሪካ ውስጥ በቅርብ ዓመታት ከተፈጸሙት ግድያዎች መፍትሔ ያገኙት ግማሽ ያህሉ ብቻ የሆኑባቸው ዓመታት አሉ። በዚያ ሁኔታ ቅጣት ማክበድ ፓርላማ ውስጥ ጭብጨባ ያስገኛል። ገዳዩ ግን ከሁለት አንዴ ያመልጣል። ቅጣት ማክበድ በአንድ ቀን ድምፅ ያልቃል፤ ርካሽም ነው። መርማሪ ማሠልጠን፣ የፎረንሲክ ላቦራቶሪ ማቋቋም፣ ምስክር መጠበቅ ግን ዓመታትና ገንዘብ ይፈልጋል። ውጤቱም ለሚቀጥለው ምርጫ አይደርስም። ፓርቲዎች የመጀመሪያውን የሚወዱት ለዚህ ነው።

ኤል ሳልቫዶር፦ ሦስት ፓርቲ፣ አንድ ችግር

ከሁሉም በላይ ረጋ ብለን ልናየው የሚገባው የኤል ሳልቫዶር ታሪክ ነው። ሦስት ፓርቲዎች በአንድ ሀገር፣ በአንድ ችግር ላይ ሦስት የተለያዩ መንገዶች ሞክረዋል።

በ2003 ቀኝ ዘመሙ አሬና «ማኖ ዱራ» ማለትም «ብርቱ ክንድ» የሚል ዘመቻ ከፈተ። ንቅሳት ያለበት ወጣት በጅምላ ታፈሰ። ማስረጃ ስላልነበረ ፍርድ ቤቶች አብዛኞቹን ለቀቁ። የቀሩት በየወሮበላ ቡድናቸው ተለይተው ታሰሩ። እስር ቤቱ የቡድኖቹ ጽሕፈት ቤት ሆነ። መሪዎቹ ውስጥ ሆነው ውጭ ያለውን ማዘዝ፣ አባል መመልመል፣ ግብር መሰብሰብ ቀጠሉ። ግድያ ጨመረ። ዘመቻው ግን ለአሬና ጠቅሞታል፤ በ2004 ምርጫውን አሸንፎ «ሱፐር ማኖ ዱራ» አለና ያንኑ ደገመው።

በ2009 የቀድሞው የሽምቅ ተዋጊ ድርጅት ግራ ዘመሙ ኤፍኤምኤልኤን ሥልጣን ያዘ። በ2012 በመንግሥት ድጋፍ በወሮበላ ቡድኖቹ መካከል የተኩስ አቁም ስምምነት ተደረገ። መሪዎቹ ወደ ተሻለ እስር ቤት ተዛወሩ። ግድያ በግማሽ ያህል ቀነሰ። ሰላሙ ግን በወንበዴዎቹ መልካም ፈቃድ ላይ የቆመ ነበር። ስምምነቱ ሲፈርስ በ2015 ከ6,600 በላይ ሰዎች ተገደሉ። ከ100 ሺህ ሰው ከ100 በላይ ማለት ነው። ጦርነት በሌለበት ሀገር ይህ ሊታመን የማይችል ቁጥር ነው።

ከዚያ ናይብ ቡኬሌ በ2019 ፕሬዚዳንት ሆኑ። በመጋቢት 2022 በአንድ የሳምንት መጨረሻ 87 ሰዎች ተገደሉ። መንግሥት የአስቸኳይ ጊዜ ሁኔታ ዐወጀ፤ ከዚያ ወዲህ በየወሩ እየታደሰ ቀጥሏል። ከ80 ሺህ በላይ ሰዎች ታሰሩ። በ2024 እንደ መንግሥት መረጃ በሀገሪቱ የተገደሉት 114 ሰዎች ብቻ ናቸው።

ይህን ውጤት ማጣጣል ነውር ነው። ለዓመታት በየወሩ ለወንበዴ ግብር ሲከፍል የኖረ ባለሱቅ ዛሬ አይከፍልም። ልጆች ከአንዱ ሰፈር ወደ ሌላው ሲሻገሩ አይገደሉም። ሕዝቡ በ2024 ቡኬሌን በሰፊ ድምፅ እንደገና ሲመርጥ በድንቁርና አይደለም።

ቢሆንም ሒሳቡ ሙሉ መሆን አለበት። ግድያው ከአስቸኳይ ጊዜው በፊት ለዓመታት እየቀነሰ ነበር። በ2021 መጨረሻ የአሜሪካ ግምጃ ቤት የቡኬሌ መንግሥት ባለሥልጣናት ከወሮበላ ቡድኖች ጋር በድብቅ ተደራድረዋል ብሎ ማዕቀብ ጥሏል፤ መንግሥት ያስተባብላል። የመብት ድርጅቶች በእስር ላይ እያሉ የሞቱ በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዎችን መዝግበዋል። ንጹሐን መታሰራቸውን ፕሬዚዳንቱም አልካዱም፤ በሺዎች የሚቆጠሩ ተለቀዋል ብለዋል። ከዚህ ሁሉ በላይ እኔን የሚያሳስበኝ ቅደም ተከተሉ ነው። የቡኬሌ ፓርቲ በግንቦት 2021 የፓርላማውን አብላጫ ወንበር በያዘ በመጀመሪያው ቀን የሕገ መንግሥት ችሎት ዳኞችንና ጠቅላይ ዐቃቤ ሕጉን አባረረ። የጅምላ እስሩ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። በ2025 መንግሥትን በሙስና ስትመረምር የነበረች የታወቀች የመብት ጠበቃ ታሰረች። በዚያው ዓመት ሐምሌ ላይ ፓርላማው ፕሬዚዳንት ያለ ገደብ እንዲመረጥ የሚያስችል ማሻሻያ አጸደቀ።

ወንበዴን ያለ ማስረጃ ለማሰር የተከፈተ በር ተቺን ለማሰርም ያገለግላል። ይህ ግምት አይደለም፤ እየሆነ ያለ ነገር ነው። የኤል ሳልቫዶርን ፖሊሲ ቀድተን እናምጣ የሚሉ ፓርቲዎች ዛሬ በላቲን አሜሪካ ብዙ ናቸው። ትልልቆቹን እስር ቤቶች ያሳያሉ። የተባረሩትን ዳኞች ግን አያነሱም።

የቀረና የወደቀ

አንድ ፓርቲ የተወው ነገር እንዴት እንደሚፈተን ጆርጂያ ጥሩ ማሳያ ናት። ሚኻኤል ሳካሽቪሊ በ2003ቱ አብዮት ሥልጣን ሲይዙ የትራፊክ ፖሊሱ በየመንገዱ ጉቦ የሚለቅም ነበር። አዲሱ መንግሥት ወደ 15 ሺህ የሚጠጉ ፖሊሶችን አሰናበተ። በምትካቸው አዲስ ሰው መለመለ፣ ደመወዝ ጨመረ፣ ግድግዳቸው መስታወት የሆነ ጣቢያዎች ሠራ። ጉቦ ከመንገድ ላይ ጠፋ ማለት ይቻላል። ሕዝቡ ፖሊሱን ማመን ጀመረ።

ያው ፓርቲ ግን «ምንም ጥፋት አይታለፍም» ብሎ የእስረኛውን ቁጥር በጥቂት ዓመታት ከሦስት እጥፍ በላይ አሳደገው። ፍርድ ቤት የቀረበ ሰው ነጻ የመባል ዕድሉ ከአንድ በመቶ በታች ነበር። በ2012 ምርጫው ጥቂት ቀን ሲቀረው እስረኞች ሲሠቃዩ የሚያሳይ ቪዲዮ ወጣ። ሕዝቡ አደባባይ ወጣ፤ ፓርቲውም ተሸነፈ። ተተኪው መንግሥት በምሕረት ከእስረኞቹ ግማሽ ያህሉን ለቀቀ። የፖሊስ ማሻሻያው ግን ቆየ። ከአንድ ፓርቲ ሁለት ቅርስ፦ ሕዝብ ያመነበት ቀረ፣ በፍርሃት የቆመው ወደቀ።

ስኮትላንድ ደግሞ ጸጥ ያለ ታሪክ አላት። በ2005 የግላስጎው አካባቢ ፖሊስ ዐመፅን እንደ ተላላፊ በሽታ የሚያይ ክፍል አቋቋመ። ያን ጊዜ ስኮትላንድን የሚመራው ግራ ዘመሙ ሌበር ፓርቲ ነበር። ሥራው ድብልቅ ነው። ጩቤ ይዞ መገኘት የሚያስቀጣው ቅጣት ከበደ። ጎን ለጎን የወጣት ቡድኖች አባላት ተጠርተው «ዐመፁን ካላቆማችሁ ሁላችሁንም አሳደን እንይዛችኋለን፤ ካቆማችሁ ግን ሥራና ትምህርት እናገናኛችኋለን» ተባሉ። ሐሳቡ በ1990ዎቹ አጋማሽ ቦስተን ላይ ተሞክሮ የወጣቶች ግድያን በእጅጉ ከቀነሰ ዘዴ የመጣ ነው። መምህራንና የድንገተኛ ክፍል ሐኪሞችም ገቡበት። በ2007 የስኮትላንድ ብሔራዊ ፓርቲ ሌበርን ተክቶ መጣ። ሥራውን «የነሱ ነው» ብሎ አልጣለውም። በአሥር ዓመት ውስጥ በስኮትላንድ ግድያ ከግማሽ በላይ ቀነሰ። ይህ የሆነው ሁለት ተቀናቃኝ ፓርቲዎች አንዱ የጀመረውን ሌላው ስለቀጠለ ነው። የምርጫ ክርክር ላይ ግን ስሙ ሲነሳ አትሰሙም፤ ለአንዱ ብቻ ድምፅ አያስገኝማ።

ወደ ብሔራዊ ደኅንነት ስንመጣ

በወንጀል ጉዳይ ስህተት በዓመት በሁለት ዓመት ይታያል። በሀገር መከላከያ ግን ስህተት ለሃያ ዓመት ተደብቆ ሊቆይ ይችላል። ስለዚህ እዚህ ላይ የፓርቲዎች መቀያየር ይበልጥ አደገኛ ነው።

ፊንላንድ ከሩሲያ ጋር ረጅም ድንበር ትጋራለች። የቀዝቃዛው ጦርነት ሲያበቃ ብዙ የአውሮፓ ሀገራት የግዳጅ ውትድርናን ሲተዉ እሷ አልተወችም። 5.5 ሚሊዮን ገደማ ለሆነ ሕዝቧ 4.8 ሚሊዮን ሰው የሚይዙ መጠለያዎች አሏት። ይህን የሠራው አንድ ፓርቲ አይደለም። ቀኝም ግራም እየተፈራረቁ ጠብቀውታል። በ2022 ሩሲያ ዩክሬንን ስትወር፣ በሶሻል ዴሞክራቷ ሳና ማሪን መንግሥት ዘመን ፓርላማው ኔቶን ለመቀላቀል 188 ለ8 ድምፅ ሰጠ።

ጎረቤቷ ስዊድን ሌላ መንገድ ሄዳ ነበር። የግዳጅ ውትድርናን በ2010 ያቆመው ቀኝ ዘመም መንግሥት ነው። በ2017 እንዲመለስ የወሰነው በሶሻል ዴሞክራቶች የሚመራው ነው። ጀርመንም በአንጌላ ሜርክል ወግ አጥባቂ መንግሥት ዘመን በ2011 አቆመች። በ2022 ለተዳከመው ሠራዊት 100 ቢሊዮን ዩሮ ልዩ ፈንድ ይመደባል ያሉት ሶሻል ዴሞክራቱ ኦላፍ ሾልዝ ናቸው። «ጦር የሚያጠናክረው ቀኙ ነው» የሚለው እምነት እዚህም አልሠራም። የሠራው የፊንላንድ ስምምነት ነው። በጀት ሲጠብና አደጋው ሩቅ ሲመስል እንኳ አልተነካም።

ፓርቲዎች በዚህ ጉዳይ የሚያደርሱት ትልቁ ጉዳት ከበጀትም በላይ መረጃን የራሳቸው ሲያደርጉ ነው። ስፔን ውስጥ ሁለቱ ትልልቅ ፓርቲዎች በ2000 ሽብርተኝነትን የምርጫ መሣሪያ ላለማድረግ ተስማምተው ነበር። በመጋቢት 11፣ 2004 ማድሪድ ላይ በባቡሮች ላይ በፈነዱ ቦምቦች ከ190 በላይ ሰዎች ሞቱ። ምርጫው ሦስት ቀን ቀርቶት ነበር። መንግሥት ጥቃቱን ያደረሰው የባስኩ ታጣቂ ቡድን ኢታ ነው ብሎ ደጋግሞ ተናገረ። ማስረጃው ግን ወደ እስላማዊ ጽንፈኞች እያመለከተ ነበር። ያ ከሆነ ደግሞ መንግሥት ወደ ኢራቅ ጦር መላኩ ሊያስወቅሰው ነው። መራጩ ተታለልኩ ብሎ ገዥውን ፓርቲ ጣለው። ቀባሪ ቤተሰቦች ገና አስከሬን እየለዩ ባሉበት ሰዓት «ማን አደረገው» የሚለው ጥያቄ የምርጫ ጉዳይ ሆኖ ነበር። ይህ ቁስል ስፔን ውስጥ ለዓመታት አልደረቀም።

ደቡብ አፍሪካ ላይ ደግሞ ሽኩቻው በአንድ ፓርቲ ውስጥ ነው። በፕሬዚዳንት ጃኮብ ዙማ ዘመን የስለላ ተቋሙ የገዥው ፓርቲ አንጃዎች መጠቀሚያ መሆኑን በ2018 የተቋቋመ ገምጋሚ ቡድን በግልጽ ጽፏል። በሐምሌ 2021 ዙማ ፍርድ ቤትን በመድፈር ሲታሰሩ በክዋዙሉ ናታልና በጋውቴንግ ዝርፊያና ሁከት ፈነዳ። ከ350 በላይ ሰዎች ሞቱ። በኋላ ጉዳዩን የመረመሩ ባለሙያዎች የደኅንነት ተቋማቱ ሁከቱን አስቀድሞ ለመግታት አለመቻላቸውንና የፓርቲው የውስጥ ሽኩቻ ለሀገሪቱ አለመረጋጋት ምንጭ መሆኑን ዘግበዋል። የስለላ መኮንን ጠዋት ሲነሳ የሚያስበው ለየትኛው አንጃ እንደሚሠራ ከሆነ፣ መጋዘን የሚያቃጥለውን ማን ይከታተላል?

ለዚህ የተበጀ መድኃኒት አለ። ስለላውን የሚቆጣጠር፣ ከየፓርቲው የተውጣጣ የፓርላማ ኮሚቴ ነው። ብዙ ዴሞክራሲያዊ ሀገራት አላቸው። ኮሚቴው መኖሩ ግን ብቻውን አይበቃም። የብሪታንያው ኮሚቴ ሩሲያ በሀገሪቱ ላይ ስለምታሳድረው ስጋት ያዘጋጀውን ሪፖርት በጥቅምት 2019 ለጠቅላይ ሚኒስትሩ አስረከበ። ምርጫው ታኅሣሥ ላይ ነበር። ሪፖርቱ ከምርጫው በፊት አልወጣም። በሐምሌ 2020 ኮሚቴው እንደገና ሲዋቀር መንግሥት የፈለገው ሰው ሊቀ መንበር ሊሆን ነው ተብሎ ተጠበቀ። የራሱ የገዥው ፓርቲ አባል የሆኑት ጁሊያን ሉዊስ ግን በተቃዋሚዎች ድምፅ ተመረጡ። ፓርቲያቸው በዚያው ቀን ከፓርላማ ቡድኑ አስወጣቸው። ሪፖርቱ በሳምንቱ ታተመ። ውስጡ መንግሥት ከአውሮፓ ኅብረት ለመውጣት በተደረገው የ2016ቱ ሕዝበ ውሳኔ ላይ የውጭ ጣልቃ ገብነት ነበር ወይ ብሎ እንኳ እንዳላጣራ ተጽፎ ነበር።